አልፈታ ያለው የክራንክሻፍት ብሎን



በዓመት መጽሔታችን ላይ ከርዕሰ መምህር የሚጠበቀው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። የፈተና ውጤት፣ ለወላጅ ኮሚቴው ምስጋና፣ ለተመራቂዎች መልካም ምኞት። እሱን በመግቢያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ይህኛው ግን ስለ አንድ ብሎን ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግራ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ሰልፍ ፊት ስቆም «ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። «መኪና ስሠራ» እያልኩ አለፍኩ። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። የሳይንስ ክበብ ልጆች በኋላ አጥብቀው ሲይዙኝ ሙሉውን በመጽሔቱ ላይ እጽፈዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ደግሞም በነገሩ ውስጥ የትምህርት ቤታችን ተማሪ ስላለበት ወላጆች ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ከራሴ ቢሰሙት ይሻላል።

መኪናዬን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ናይሮቢ ውስጥ በየመንገዱ የምትታይ፣ ኬንያውያን «ዋን ቴን» የሚሏት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዲገባ ስለማትፈቅድ ከጃፓን ስትመጣ ገና ወጣት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ከሃያ ዓመት በላይ ተነድታለች። እኔ ሦስተኛ ባለቤቷ ነኝ። ሞተሯ 1500 ሲሲ፣ 5ኤ ኤፍኢ የሚባለው ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቤን ይዤ እስከ ሞያሌ ልነዳ አስቤ ነበርና ነሐሴ ላይ መፈተሽ ጀመርኩ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ከኢሲዮሎ አልፎ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው በረሃ መካከል ከልጆች ጋር ቆሞ መቅረትን ሳስበው፣ ቺንጋውን ሳልቀይር አልሄድም አልኩ።

የታይሚንግ ቺንጋ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍት፣ ከላይ ቫልቮቹን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ካምሻፍት ጋር ያገናኛል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ መተማመን በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ ሞተሩ መተንፈስ ይቸግረዋል። በእኔ መኪና ሞተር ላይ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። በሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ይጋጫሉ፤ ያኔ ወጪው የቺንጋ ሳይሆን የሞተር ይሆናል። ጃፓኖቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ቺንጋ በተለምዶ የሚሰጡት ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ቺንጋው ራሱ ርካሽ ነው፤ ለመቀየርም አስማት አያስፈልገውም። ችግሩ ከፊቱ የተቀመጠው ነገር ነው። ቺንጋውን የሚሸፍነው ክዳን ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ካለው ፑሊ ኋላ ነው። ፑሊው ካልወጣ ክዳኑ አይወጣም። ፑሊውን ደግሞ መሐል ላይ አንድ ወፍራም ብሎን ይዞታል፤ ራሱ በ19 ቁጥር ቡሶላ የሚፈታ። በቤቱ ሞተር የሞከረ ሰው ሁሉ ይህንን ብሎን ያውቀዋል። ሥራው በሙሉ ግማሽ ቀን ከፈጀ፣ ብሎኑ ብቻውን ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ለምን እንዲህ ይጠብቃል? ፋብሪካው ያጠበቀበት ልክ በእኔ ሞተር 118 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ የጎማ ዳዶ ከሚጠብቅበት እምብዛም የራቀ አይደለም። ታዲያ የጎማውን ዳዶ ባለቤቴም ትፈታዋለች፤ ይሄኛው ለምን እምቢ ይላል?

ተማሪዎች፣ ብሎን በእውነቱ የብረት ጸደይ ነው። ስናጠብቀው በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለመኮማተር ሲታገል ፑሊውን ከክራንክሻፍቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፦ ለማጥበቅ ከምናወጣው ቶርክ ግማሽ ያህሉን የሚበላው በብሎኑ ራስ ሥር ያለው ሰበቃ ነው፤ 40 በመቶ ያህሉን በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ይበላል፤ ብሎኑን በእርግጥ የሚለጥጠው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንፈታ በዋናነት የምንታገለው ሰበቃን ነው። ሰበቃ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ያድጋል። ሞተሩ በየቀኑ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም አብሮ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ከመንገድ የሚረጨው ውኃ ዝገት ያመጣል፤ ዝገት ከተወለደበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ይጨመቃል። በዚያ ላይ የቆመን ነገር ማንቀሳቀስ የሚንቀሳቀሰውን ከመግፋት ይከብዳል፤ ፍሪጅ ወይም ቁም ሣጥን የገፋ ሰው ያውቀዋል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ደግሞ በልኩ ሳይሆን በንዴቱ አጥብቆት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ከጥብቀቱ የባሰው ችግር ሌላ ነው። የጎማውን ዳዶ ስትፈቱ ጎማው መሬት ስለያዘው አይዞርም። የክራንክሻፍቱን ብሎን ስትፈቱ ግን ክራንክሻፍቱ አብሮ ይዞራል፤ የተሠራው ለመዞር ነውና። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ብሎኑን ምን ያዞረዋል፣ ሞተሩንስ ምን ይይዘዋል? እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ንቄ ነበር።

በእጅ ማርሽ ለሚሠራ መኪና መልሱ ቀላል ነው። አምስተኛ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይረግጣል፤ ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር ስለተያያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ከጃፓን የሚመጡት ግን አብዛኞቹ እንደ እኔዋ አውቶማቲክ ናቸው። በአውቶማቲክ ሞተሩና ጎማዎቹ የሚገናኙት በዘይት ግፊት ስለሆነ መኪናው በቆመበት የቱንም ማርሽ ብታስገቡ ክራንክሻፍቱ በእጅ ይዞራል። አንዳንዶች ከማርሹ ቤት በኩል ጥርስ ባለው ትልቅ ክብ ብረት ላይ ካቻቢቴ ሰክተው ያቆሙታል፤ ጥርስ ሰብረው ወይም ቤቱን ሰንጥቀው የተጸጸቱ ብዙ ናቸው። ሌሎች ካንዴላ ፈትተው በቀዳዳው ገመድ ይጨምሩና ፒስተኑ ገመዱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋሉ። ይህ ቫልቮቹ የተዘጉበትን ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ይሠራል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

እኔ የመረጥኩት አሮጌ ቺንጋ ነበር። ቆርጬ ሁለት ጊዜ በፑሊው ላይ ጠመጠምኩት፤ አንዱን ጫፍ ከመኪናው ሥር ካለው ወፍራም ብረት ጋር አሰርኩ፤ ሌላውን ጫፍ ግን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን፣ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ተንበርክኮ መብራት ይዞልኝ ነበር። «ይህንንም ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ» አልኩት።

ዘዴው ፊዚክስ አለው። ገመድ በምሰሶ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተጠመጠመ ጫፉን የያዘው ሰው በትንሽ ጉልበት እጅግ ትልቅ ጉልበት ሊያቆም ይችላል፤ ወደብ ላይ መርከብ የሚያስሩ ሠራተኞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሞምባሳ ለትምህርታዊ ጉብኝት የሄዳችሁ አይታችሁታል። ስለዚህ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያቺን ጫፍ ይዞ ፑሊውን በደንብ አቆመልኝ። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ፑሊው ቢያመልጥ ኖሮ ሞተሩ አብሮ ዞሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ፑሊው ስለቆመ ግን ጉልበቴ ሁሉ ሄዶ ያረፈው በቡሶላው ላይ ነው።

ቡሶላው ደግሞ ከመንገድ ዳር የገዛሁት፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ 12 ጥርስ ያለው ነበር። 12 ጥርስ ያለው ቡሶላ ብሎኑን የሚይዘው በማዕዘኖቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን ይበላዋል፤ ራሱም ግድግዳው ቀጭን ነው። ለጠንካራ ብሎን የሚሆነው ስድስት ጥርስ ያለው ነው፤ የብሎኑን ስድስት ጎኖች አቅፎ ይይዛል። በአየር በሚሠራ መፍቻ የሚጠቀሙት ጥቁሩና ወፍራሙ ደግሞ ይበልጥ የታመነ ነው፤ ከመሰበሩ በፊት የሚታጠፍ ዓይነት ብረት ስለሆነ።

እስቲ እናስላ። ቶርክ ማለት ጉልበት ሲባዛ በርቀት ነው። እኔ 70 ኪሎ ገደማ እመዝናለሁ፤ ይህ 700 ኒውተን ያህል ነው። የመፍቻዬ እጀታ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ቆሜበት ሁለመናዬን ብጥልበት 280 ኒውተን ሜትር። ብሎኑ አልተነቃነቀም። ከዚያ ከአጥር የተረፈ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የብረት ቱቦ አመጣሁና እጀታው ላይ አጠለቅኩ። አሁን 700 ሲባዛ በ1.2፣ 840 ኒውተን ሜትር። ከፋብሪካው ልክ ሰባት እጥፍ። ይህንን ሒሳብ ለሃያ ዓመት በክፍል ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ሳልሠራው ተጫንኩ።

ብሎኑ አልዞረም። ቡሶላው በጎኑ ተሰነጠቀ። ቱቦው ከእጄ ጋር ወርዶ ሲሚንቶው ላይ አረፈ፤ የቀለበት ጣቴ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ሁለት ጣቶቼም ተሰፉ። ይህ ትንሹ ነው። ከቡሶላው የተፈነጠቀች ቁራጭ በልጁ ራስ አጠገብ አልፋ ከኋላው ያለውን የቆርቆሮ በር ቀደደችው። ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። በማግስቱ በሌላው እጄ ሜትር ይዤ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካሁት፤ ከተንበረከከ ልጅ ጆሮ ጋር እኩል ነው።

በዚያው ምሽት እጄ ከተሰፋ በኋላ ወደ እናቱ ቤት ሄድኩ። የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «መነጽር አድርጎ ነበር?» አሉኝ። «አላደረገም» አልኩ። ቡና አፍልተው ነበርና ቀዱልኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ከእርሳቸው ዝምታ ይልቅ ቢጮሁብኝ በተሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ስመለስ ብቻዬን አልነበርኩም። ከማኅበረሰባችን አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ፣ አሁን እዚህ ኢንዱስትሪ አካባቢ የሚሠሩ። የተሰነጠቀውን ቡሶላ አገላብጠው አዩትና «ዳይሬክተር፣ ይህ እኮ ለመስኮት ጌጥ የተሠራ ነው» አሉ። ከዚያም በሞተሪኖ በአንድ ደቂቃ ሊፈቱት እንደሚችሉ ነገሩኝ።

ይህንን ዘዴ ብዙ ወላጆች ስለምታውቁት ሳላብራራው አላልፍም። የቶዮታ ሞተር ከፑሊው በኩል ሲታይ የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ብሎኑ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሞተሩ እንዳይነሳ መብራቱና ነዳጁ ይቋረጣል፤ ረጅም መፍቻ ብሎኑ ላይ ይገባና እጀታው መሬት ወይም የመኪናውን ወፍራም ብረት እንዲደገፍ ይደረጋል፤ ከዚያ ቁልፉ ለቅጽበት ይዞራል። ሞተሪኖው ክራንክሻፍቱን ይነቀንቃል፣ ብሎኑ ባለበት ይቀራል፤ እንዲህ ይፈታል። የሚሠራበት ምክንያት ይህ ነው፤ በቀድሞዎቹ የሆንዳ ሞተሮች የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ የቀድሞ ሆንዳዎች የሚዞሩት በተቃራኒው ስለሆነ ሞተሪኖው ብሎኑን ይብሱን ያጠብቀዋል።

ታዲያ ለምን እምቢ አልኩ? ሞተሪኖ ኃይሉን መጥኖ አይሰጥም፤ መፍቻው ከብሎኑ ቢያመልጥ ወይም ከድጋፉ ቢንሸራተት የት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም፤ መኪናው ደግሞ ጎማው ወልቆ በብረት ላይ ቆሟል። ይህንን ስነግራቸው አልተቀየሙም። ፈገግ ብለው የፊት ጥርሳቸውን በጣታቸው ነኩ። ሁለቱ የወርቅ ናቸው። «የነዚህን ታሪክ አልነገርኩህም ማለት ነው» አሉ።

ሌሎቹን ዘዴዎችም አንድ በአንድ አወራን። ዘይት፦ ነጭ ጋዝና የፍሬን ዘይት ቀላቅሎ ማሳደር በየጋራዡ የተለመደ ነው። ለጭስ ማውጫ ብሎን ጥሩ ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ብዙ አይረዳም፤ ጥርሶቹ ክራንክሻፍቱ ውስጥ ስለተደበቁና የብሎኑ ራስ በሩን ስለዘጋው ዘይቱ አይደርስም። እሳት፦ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቀዝቀዝ ሲል የዝገቱ ማጣበቂያ ይሰነጠቃል። ግን ከፑሊው ኋላ የሞተር ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ጎማ አለ፤ እሳቱ እሱን ከነካ አንድ ችግር ፈትታችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። መዶሻ፦ የብሎኑን ራስ ቀለል አድርጎ መምታት ዝገቱን ያነቃንቃል፤ አጥብቆ መምታት ግን ክራንክሻፍቱ የተቀመጠባቸውን ኩሽኔታዎች ይጎዳል።

ከሁሉ የተሻለው በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው መቺ መፍቻ ነው። ሚስማር በአውራ ጣት ተጭኖ እንጨት ውስጥ አይገባም፤ በመዶሻ ግን ይገባል። መቺው መፍቻም እንዲሁ ነው፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ አጫጭር ምት ይመታል። ምቱ አጭር ስለሆነ ከባዱ ክራንክሻፍት ለመዞር ጊዜ አያገኝም፤ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል። ያለ ምንም መያዣ ብሎኑ ሲፈታ የምታዩት ለዚህ ነው። አዛውንቱ ጋራዥ ውስጥ አላቸው፤ ነገር ግን መኪናዬ ጎማዋ ወልቆ እኔ ግቢ ቆማለች፣ የአየር መጭመቂያው ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ ትክክለኛውን መያዣ አሠራን። በፑሊው ፊት ላይ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ፋብሪካው ፑሊውን ለመጎተቻ የተዋቸው። ካሙኩንጂ ወደሚገኙት ጁዋ ካሊ ብረት ሠሪዎች ሄድን። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ሁሉ ኬንያውያን በዚህ ስም ይጠራሉ። አንድ ወጣት ፉንዲ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት 80 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ቆረጠልን፤ ጫፉ ላይ ቡሶላ የሚያሳልፍ ትልቅ ቀዳዳ፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች በሳበት። ዋጋው ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ያነሰ ነበር። ሲሠራ ቆሜ ሳየው የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ወስደን ስንገጥመው ግን አንድ ሚሊ ሜትር አልሳተም።

ይህ መያዣ ከአሮጌ ቺንጋ የሚለይበት ሁለት ነገር አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ፑሊው አንድ ብረት አይደለም፤ የውስጥና የውጭ ክብ ሆኖ በመካከላቸው ንዝረት የሚበላ ጎማ አለ። ቺንጋ የውጪውን ክብ ስለሚይዝ ጎማውን ሊቀደው ይችላል፤ መያዣው ግን የሚታሰረው ከውስጠኛው ጋር ነው። ሁለተኛው፣ መያዣው ሰው አይፈልግም። ጫፉ መሬት ላይ በተቀመጠ ጉማጅ እንጨት ላይ ያርፋል። የማንም ልጅ እዚያ መንበርከክ አያስፈልገውም።

ልጁ በዚያ ቀን መጣ። ይዘውት የመጡት እናቱ ናቸው። በፌስታል ሁለት የመከላከያ መነጽር ይዘው ነበር፤ አንዱን ለልጃቸው፣ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። እርሳቸውም ከበሩ ጋር ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

መኪናዋ በክሪክ ሳይሆን በብረት መደገፊያ ላይ መቆሟን፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ መታገዳቸውን አየን። ስድስት ጥርስ ያለው ጥቁር 19 ቁጥር ቡሶላ፣ ወፍራም መፍቻ፣ 1 ሜትር ቱቦ። መያዣው ወደ መኪናው ኋላ ተዘርግቶ እንጨቱ ላይ አረፈ፤ የመፍቻው እጀታ ወደ መኪናው ፊት ተዘረጋ። ፑሊው በዚህ መኪና በቀኝ ጎማ በኩል ስለሚታይ፣ በዚያ በኩል ቆሞ ለመፍታት ወደ ፊት የተዘረጋውን እጀታ ወደ ላይ መሳብ ነው። ወደ ላይ መሳብ ከላይ ከመጫን ይሻላል፤ ነገሩ ድንገት ሲለቅ ሰውዬው ወደ ኋላ ይንገዳገዳል እንጂ እጁ ከሲሚንቶ ጋር አይጋጭም። ይህንን የምጽፈው በፋሻ ተጠቅልዬ ስለተማርኩት ነው። ልጁ አራት ሜትር ራቅ ብሎ ቆመ። የእኔ እጅ ስለማይሠራ ጉልበቱን ያዋጡት አዛውንቱ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ሳይነቀንቁ ቀስ ብለው ሳቡ።

«ጧ!» አለ። ጥይት ነው የሚመስለው። ሁላችንም የተሰበረ ነገር ፈለግን፤ የተሰበረ አልነበረም። ብሎኑ ከዚያ በኋላ በጣት ዞረ።

አዛውንቱ የሳቡት 40 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት የማንሳት ያህል እንደሆነ ገመቱ፤ ይህ በ1 ሜትር ቱቦ 400 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ቢሆን ኖሮ 135 ኪሎ ያህል መሳብ ነበረባቸው። ልጁ ይህንን ስናወራ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ ጉልበት ከየት መጣ? ኃይል አይፈጠርም ብለውን የለ?» አለኝ። በዓመቱ ከተጠየቅኩት ጥያቄ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። መሬት ላይ በጠመኔ ሠራንለት። ብሎኑ ሩብ ዙር ለመዞር እኩል አስቸገረ እንበል። የረጅሙ ቱቦ ጫፍ 157 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የአጭሩ 47 ሳንቲ ሜትር ብቻ። 400 ኒውተን በ1.57 ሜትር፣ 1333 ኒውተን በ0.47 ሜትር፤ ሁለቱም 628 ጁል ገደማ ናቸው። ቱቦው ኃይል አልፈጠረም፤ ከባዱን ሥራ በረጅም መንገድ ላይ በተነው እንጂ። ልጁ ጠመኔውን ተቀብሎ የኔን የ840 ሒሳብ ራሱ ሠራው። ሲጨርስ ቀና ብሎ የቆርቆሮውን በር አየ። እኔም አየሁ።

የቀረው ሥራ እንደ መጽሐፉ ሄደ። ፑሊው ሲወጣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያቆልፈው ትንሽ ብረት በቦታው መኖሩን አየን። በአንዳንድ የፎርድና የማዝዳ ሞተሮች ላይ ይህ ማቆለፊያ የለም፤ ሁሉንም የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ስለሆነ ሞተሩን በተገቢው መሣሪያ ሳያቆሙ ብሎኑን መንካት የሞተሩን ሰዓት ማጥፋት ነው። የእነዚህ ባለቤቶች ይህንን ጽሑፍ ይዛችሁ ወደ ጓሮ እንዳትወጡ። አዲሱ ቺንጋ ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነውና ምልክቶቹ ተመልሰው ትይዩ መሆናቸውን አረጋገጥን፤ ሁለት ዙር የሆነው ካምሻፍቱ አንዱን ዙር የሚጨርሰው ያኔ ስለሆነ ነው።

ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ከመፍታቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከላላ ፑሊው እየተወዛወዘ ማቆለፊያውንና የክራንክሻፍቱን ጫፍ ይበላዋል፤ ያኔ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው የኔን ዕጣ ማቆየት ነው። ልኩም ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ በአንዳንድ የሆንዳ ሞተሮች 180 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በብዙ የቮልስዋገን ሞተሮች ላይ አሮጌው ብሎን ከነጭራሹ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይገዛለታል። እኛ ጥርሱን በሽቦ ቡሩሽ አጽድተን ልክ የሚያሳየውን መፍቻ 118 ላይ አደረግነው። ያጠበቀው ልጁ ነው፤ እናቱም ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቡ ቆሙ። መፍቻው «ቀጭ» ሲል አንድ ጊዜ ደገመውና «በቃ?» አለ። አዛውንቱ «በቃ» አሉት።

ሞያሌ ሄድን። የነዳችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ በአንድ እጄ ካርታና የልጆች ብርቱካን ይዤ ተቀምጫለሁ።

መያዣው አሁን ቢሮዬ ውስጥ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ከጥቁሩ ቡሶላና ከሁለቱ መነጽሮች ጋር። የዚያው ዓይነት ሞተር ያላት ኮሮላ ያለው ወላጅ ጸሐፊዋ ዘንድ ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ሆንዳ ያላችሁ ግን አይገጥምላችሁም፤ የእናንተ ፑሊ በብዙ ሞተሮች ላይ መሐሉ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎን ነው፤ ፉንዲው ጋ የሚወስደውን መንገድ አሳያችኋለሁ።